ከፌስታሉ መስመር በታችና በላይ፦ ለመሃል አዲስ አበባ ወንዝ ዳር የትኛው ተክል ይሻላል?

ክረምቱ ወጥቶ ቀበና፣ ግንፍሌ ወይም ባንተይቀጡ ሲጎድል፣ ዳርቻው ላይ ባሉ ቁጥቋጦዎችና የዛፍ ሥሮች ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያ ፌስታል መለኪያ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ የት ድረስ እንደወጣ ከማንኛውም ካርታ በተሻለ ያሳያል። ወንዝ የሚያዋስነው ግቢ ያለው ሰው፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ካፌ ወይም የሰፈር ማኅበር ‹ምን ልትከል?› ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚጀምረው ከዚህ መስመር ነው። የዛፉ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ማንግሮቭስ?

ዳርቻን በሥሩ ይዞ የሚያቆም ዛፍ ሲነሳ በባሕር ጠረፍ ጭቃ ላይ የሚበቅለው ማንግሮቭ መጠቀሱ አይቀርም። ለእኛ ቅርቡ በቀይ ባሕር ጠረፍ፣ በምጽዋ አካባቢና በጅቡቲ ጎዶሪያ የሚገኘው ሲሆን፣ በብዛት ያለው አቪሴኒያ ማሪና የተባለው ዓይነት ነው። መሃል አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የሚያግደው የጨው አለመኖር አይደለም፤ ብዙዎቹ ማንግሮቮች ጨው በሌለው ውሃም መኖር ይችላሉ። የሚገድላቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ ነው። ፍሬውን ከውጭ አስመጥቶ በመስታወት ቤት ውስጥ ማሳደግ የሚያምረው ሰውም መጀመሪያ የዕፅዋት ኳራንታይን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ብዙ ብርሃን ካልሰጠው ቅጠሉን አራግፎ ይሞታል። ለወንዝ ዳር ሥራ ስለማይሆን እንተወው።

ከማንግሮቭ መውሰድ ያለብን ትምህርት ግን አለ። ማንግሮቭ ጭቃ ባለበት ሁሉ አይጸድቅም። ባሕሩ በየቀኑ ሲሞላና ሲጎድል፣ ዛፉ የሚቆመው ከባሕሩ አማካይ ከፍታ በላይ ባለው ቀጠና ነው። ሥሩ በውሃ የሚሸፈነው ከጊዜው ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። በፊሊፒንስ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ተከላዎች የከሸፉት፣ ለመትከል ቀላል ስለሆነ ብቻ ራይዞፎራ የተባለውን ዓይነት ውሃ አብዝቶ በሚተኛበት ዝቅተኛ ጭቃ ላይ ስለተከሉት ነው። በሌላ በኩል በምጽዋ አቅራቢያ ሕርጊጎ ላይ ጃፓናዊ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጎርደን ሳቶ የባሕሩ ውሃ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት እንደሚያንሰው አዩ። ማዳበሪያውን ጥቂት ቀዳዳ በተበሳ የፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ከቁራጭ ብረት ጋር ከችግኙ አጠገብ እየቀበሩ፣ ማንግሮቭ ባልነበረበት ጠረፍ ላይ አበቀሉ። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለ፦ ቦታው በምን ከፍታ ላይ ነው? አፈሩስ ምን ይጎድለዋል? እነዚህ ሁለቱ ለቀበናም ይሠራሉ።

መጀመሪያ ዳርቻዎን ይለኩ

ልኬቱ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ቢሆን ይሻላል፤ ምልክቱ ገና ትኩስ ነው። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ብርሃን አሳላፊ ቱቦ፣ ሲባጎና ሁለት ረጅም እንጨት ይበቃል። ከበጋው ውሃ ወለል እስከ ከፍተኛው ፌስታል ድረስ ያለውን ቁመት ይለኩና ዳርቻውን በሦስት ይክፈሉት።

እግር፦ ከበጋው ውሃ ጀምሮ እስከ ልኬቱ ግማሽ ድረስ ያለው። በክረምት ደጋግሞ በጎርፍ ይሸፈናል፤ በበጋም አፈሩ እርጥብ ነው።

ሆድ፦ ከግማሹ እስከ ፌስታሉ መስመር። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ጎርፍ ይነካዋል፤ ከላይ የሚወርድ የግቢና የመንገድ ውሃ ግን ይሸረሽረዋል።

ትከሻ፦ ከፌስታሉ በላይ ያለው። ጎርፍ አይደርስበትም። ከጥር እስከ መጋቢት ግን በጣም ይደርቃል።

በዚሁ ጊዜ አፈሩንም ይቆፍሩ። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ሦስት ቦታ ላይ ማውጣት ብዙ ችግር ያሳያል። በመሃል ከተማ ዳርቻ የሚገኘው አፈር ብዙ ጊዜ አፈር ብቻ አይደለም፤ የግንባታ ፍርስራሽ፣ ሲሚንቶ፣ ጡብና ፕላስቲክ የተደፋበት ሙሊት ነው። ጥቁር ሸክላ አፈር ከሆነ ደግሞ በበጋ ተሰነጣጥቆ የችግኙን ሥር ይበጥሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዳርቻው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ፣ ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከሥሩም በውሃ የተቦረቦረ ከሆነ ተክል ብቻውን አያድነውም። ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ወይም መሐንዲስ የሚያየው ሌላ ሥራ ያስፈልገዋል። ተክሉ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ በድንጋዮቹ መሃል ሲገባ ነው። ቦታው የወንዝ ዳርቻ ክልል ስለሆነ ከመቆፈር በፊት ወረዳውን መጠየቅም ግድ ነው፤ ከተማው በዚያው መስመር የእግረኛ መንገድ ወይም የፍሳሽ ቱቦ አቅዶ ሊሆን ይችላል።

ምን ምን እናወዳድር?

ችግኝ ሻጭ የሚነግርዎ የእድገት ፍጥነትን ነው። ለወንዝ ዳር ፍጥነት አራተኛ ወይም አምስተኛ ጥያቄ ነው። ቀድመው የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ ሥሩ ለቀናት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይተነፍሳል ወይስ ይበሰብሳል? ግንዱ በጎርፍ ይተጣጠፋል ወይስ ተገትሮ ውሃውን ወደ ዳርቻው ይመልሳል? ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል ወይስ ከላይ ብቻ ይነጠፋል? የከተማዋን ቅዝቃዜና የበጋውን ድርቅ ይችላል? ሲያድግ ግንብ፣ ቱቦና ድልድይ ይነካል? በመጨረሻም ወጪው። ወጪ ስንል የችግኝ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሁለት በጋ ውሃ ማጠጫ፣ አጥርና የጥበቃ ጉልበት ከችግኙ ይበልጣል።

አኻያ፦ ለእግሩ የመጀመሪያው ምርጫ

በአገራችን ወንዞች ዳር በተፈጥሮ የሚበቅለው አኻያ፣ በኦሮምኛ አለልቱ የሚባለው፣ ከማንግሮቭ ሥራ ጋር በጣም የሚቀራረበው ተክል ነው። እግሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይኖራል፤ በደለል ሲቀበር ከግንዱ አዲስ ሥር ያወጣል፤ ቅርንጫፉ በጎርፍ ተኝቶ ይነሳል። ችግኝ መግዛት አያስፈልግም። ከቆመ ዛፍ የተቆረጠ እንጨት ይበቅላል።

የሚቆረጠው ከአውራ ጣት እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ጤነኛ ቅርንጫፍ ነው። የታችኛው ጫፍ ሰያፍ፣ የላይኛው ጠፍጣፋ ተደርጎ ይቆረጣል። ይህ ለመሬት መግባት ብቻ ሳይሆን ላይና ታቹ እንዳይምታታም ነው፤ ተገልብጦ የተተከለ አኻያ እንደሚገባ አይጸድቅም። ቅጠሉ ተራግፎ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ከዋለ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ወደ ቦታው ይወሰድ።

ሲተከል በመዶሻ አይመታም። በዲጂኖ ቀዳዳ ይበሳል፣ ቁራጩ ከርዝመቱ ሦስት አራተኛው ድረስ ይገባል፣ ዙሪያው በቀጭን ጭቃ ተሞልቶ በእግር ይረገጣል። በሥሩ ዙሪያ አየር ከቀረ ቡቃያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወጣና ድንገት ይጠወልጋል፤ ብዙ ሰው ‹ጸድቆ ነበር፣ ምን ነካው?› የሚለው ይህን ነው። ቡቃያው የወጣው እንጨቱ ውስጥ በነበረ ምግብ እንጂ ሥር ኖሮት አልነበረም። በቁራጮቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው ረድፍ በመጀመሪያው ክፍተት ትይዩ ይሁን።

ጊዜው ላይ ከተለመደው እንለያለን። የችግኝ ተከላ ሲባል ሁሉም ሰው ሐምሌን ያስባል። እግሩ ላይ በሐምሌ የተተከለ አኻያ ሥር ሳይሰድ በነሐሴ ጎርፍ ይነቀላል። ትክክለኛው ጊዜ ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። ያኔ ውሃው ጎድሏል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ተክሉ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ የሚያገኘው ወደ ስምንት ወር ገደማ ሥር ከሰደደ በኋላ ይሆናል።

ጉድለቱም ይነገር። ትከሻ ላይ ከተተከለ በመጀመሪያው በጋ ይደርቃል። ከብትና ፍየል ቅጠሉን ይወዱታል፤ የከተማው ወንዝ ግን የፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ዝቃጭ የሚሄድበት ስለሆነ ቅጠሉን ለከብት ማጨድ አንመክርም። ግንዱ ሲወፍርም መተጣጠፉን ይተዋል። ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ላይ መቆረጥ አለበት። የተቆረጠው በጥቅምት ከሆነ በዚያው ዕለት ለሌላ ዳርቻ መትከያ ይሆናል።

ደሾ ወይስ ቬቲቨር? የሆዱ ጥያቄ

ሆዱ ላይ አፈሩን መጀመሪያ የሚይዘው ሣር ነው። ዛፍ ጥላ እስኪያበቅል ሦስትና አራት ክረምት ያልፋል፤ ሣር በአንዱ ክረምት ረድፍ ይሠራል።

ቬቲቨር በዓለም ዙሪያ የተመሰከረለት ነው። ሥሩ በሞቃት አገር ከ2 እስከ 3 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘሩ ስለማይበቅልም ጎረቤት ማሳ አይወርም። አዲስ አበባ ላይ ግን ሁለት ችግር አለበት። በቅዝቃዜው እድገቱ ይዘገያል፤ ጥላን ደግሞ ፈጽሞ አይችልም። የሕንፃ ጥላ ግማሽ ቀን የሚያርፍበት ዳርቻ ላይ እየሳሳ ይጠፋል።

ደሾ የደቡብ ደጋ፣ በተለይ የጨንቻ አካባቢ ገበሬዎች ለአፈር ጥበቃና ለመኖ የሚያውቁት የአገር ሣር ነው። ደጋውን ለምዶታል፣ ቶሎ ይሸፍናል፣ ግንጣዩም በቀላሉ ይበዛል። ሥሩ ግን እንደ ቬቲቨር ጥልቅ አይደለም። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ቁልቁለቱ የበዛ ዳርቻ ከሆነ ቬቲቨር፤ ከዚያ ውጭ በመሃል ከተማ ደሾ።

የሁለቱም አተካከል ይመሳሰላል። ሁለት ሦስት ቡቃያ በአንድ ላይ ያለው ግንጣይ ይወሰዳል፣ ቅጠሉ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆረጣል። ረድፉ ወንዙን ተከትሎ፣ በውሃ ልክ አንድ ከፍታ ላይ ይሄዳል። ረድፉ ከተዛነፈ የዝናቡ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ተሰብስቦ ራሱ ቦይ ይቆፍራል፤ የሣር ረድፍ ጉዳት የሚያመጣው በዚህ ብቻ ነው። በግንጣዮች መካከል ለደሾ 10፣ ለቬቲቨር 15 ሳንቲ ሜትር፣ በረድፎች መካከል አንድ ሜትር ይተው። ጊዜው ዝናቡ ሲጠና፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ። በ15 ቀን ውስጥ ያልበቀለው ይተካ፤ በረድፉ ላይ ክፍተት ከቀረ ጎርፍ በዚያ ያልፋል።

ቀርከሃ፦ ከትከሻው አይውረድ

የደጋ ቀርከሃ በእንጅባራ፣ በሀገረ ሰላም፣ በማሻና በጨንቻ እንደምናውቀው የከፍታ ተክል ነው፤ ለአዲስ አበባ ከፍታ ይስማማል። የቆላው ቀርከሃ ሌላ ዓይነት ነው፤ እዚህ አይሆንም። ሲገዙ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፦ የደጋው አገዳ ውስጡ ባዶ ነው፣ የቆላው ግን ድፍን ወይም ድፍን ለመሆን የቀረበ ነው።

ቀርከሃ ዓይን ይማርካል፣ ቶሎ ይጋርዳል፣ አገዳውም ይሸጣል። ስለዚህ በየዳርቻው ይተከላል። ችግሩ ሥሩ ነው። መረብ ሠርቶ የላይኛውን አፈር አጥብቆ ይይዛል፤ ወደ ጥልቅ ግን አይወርድም። ውሃ ከሥሩ ሲቦረቡረው መረቡ እንዳለ፣ አገዳውና አፈሩ አንድ ላይ ወደ ወንዙ ይገለበጣል። ውሃ በተኛበት እግር ላይ ሲተከል ደግሞ ከመሬት በታች ያለው ግንዱ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቦታው ከፌስታሉ መስመር ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከሥሩም አኻያና ሣር ካለ ብቻ ነው።

ተከላው ከሁለት ዓመት ያልበለጠ አገዳ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ አገዳው ከሦስት እስከ አምስት አንጓ አስቀርቶ ተቆርጦ፣ በ5 ሜትር ርቀት ነው። በመንገድ ላይ ሥሩ ከደረቀ አይነሳም። አጥር ላይ ከሆነ በግቢው በኩል 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይቆፈርና በየክረምቱ የተሻገረው ይቆረጥ። የደጋ ቀርከሃ ተጠጋግቶ አይቆምም፤ እየተራራቀ ነው የሚወጣው። አገዳ መቁረጥ የሚቻለው ሦስት ዓመት የሞላውን፣ በበጋ ብቻ ነው።

ዶቅማ፦ ለሚታገሥ ሰው

ከዛፎቹ ሁሉ ለወንዝ ዳር የምናደላለት ዶቅማ ነው። የአገር ዛፍ ነው፣ ወንዝ ዳርን ይወዳል፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ ጎርፍ አይጎዳውም፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ አበባውን ንብ፣ ፍሬውን ወፍና ልጅ ይፈልገዋል። ከሆዱ ላይኛ ክፍል እስከ ትከሻው ድረስ ይቆማል።

እድገቱ ዝግ ያለ ነው። ዘሩም ከማንግሮቭ ፍሬ ጋር አንድ ጠባይ አለው፤ ደርቆ ተቀምጦ አይጠብቅም። ፍሬው በወደቀ በጥቂት ቀን ውስጥ ሥጋው ታጥቦ ካልተዘራ ኃይሉን ያጣል። በከረጢት የታሸገ ደረቅ የዶቅማ ዘር ገንዘብ ማባከን ነው። ችግኝ ሲገዙ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ፣ ግንዱ ጠንከር ያለ፣ ሥሩ ከፕላስቲኩ ወጥቶ መሬት ያልያዘ ይምረጡ።

ጉድጓዱ 50 በ50 በ50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላዩ አፈር ለብቻው ተቀምጦ አንድ ሦስተኛ የበሰለ ኮምፖስት ይደባለቅበት። በሸክላ አፈር ላይ የጉድጓዱ ግድግዳ በአካፋ ተለስልሶ ከቀረ ሥሩ እንደ ማሰሮ ውስጥ ይዞርበታል፤ በዶማ ይጫር። ፍርስራሽ ከወጣ ደግሞ ፍርስራሹን አውጥቶ ከሌላ ቦታ አፈር ማምጣት ነው፤ ሲሚንቶ ያለበትን አፈር ኮምፖስት አያድነውም። እና ፕላስቲኩ ይውጣ! በየዓመቱ ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ብዙ ነው። ከታች የተጠመዘዘ ሥር ካለ በስለት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆረጥ።

የመጀመሪያው በጋ ላይ ለአንድ ችግኝ በሳምንት 15 ሊትር፣ በሁለተኛው በጋ በየሁለት ሳምንቱ 20 ሊትር ይበቃል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ወደ ላይ ስለሚስበው ይጎዳዋል። ግንዱ ዙሪያ ገለባ ወይም የታጨደ ሣር ይነጠፍ፤ ግንዱን ግን አይንካ።

ሾላ እና ሸውሸዌ

ሾላ ሰፊ ግቢ ላለው ነው። ሥሩ ድንጋይ ሰንጥቆ ገብቶ ዳርቻን ይይዛል፤ ያው ሥር ግን ግንብንና የፍሳሽ ቱቦንም አይምርም። ከማንኛውም ግንባታና ከድልድይ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ለቤተ ክርስቲያንና ለትምህርት ቤት ጥላ ግሩም ነው፤ ለ200 ካሬ ግቢ አይሆንም።

ሸውሸዌ የውጭ ዛፍ ነው፤ በችግኝ ጣቢያ በብዛትና በርካሽ ይገኛል። ሥሩ ላይ ያሉ እባጮች ናይትሮጅን ከአየር ስለሚይዙለት ሌላው በማይበቅልበት ሙሊት አፈር ላይ ይነሳል። ጉዳቱ የሚያራግፈው መርፌ መሰል ቅጠል ነው። ከዛፉ በታች ያለውን ሣር አፍኖ መሬቱን ራቁቱን ያስቀረዋል፤ ያ ራቁት መሬት ቁልቁለት ላይ ከሆነ ይሸረሸራል። ስለዚህ ትከሻው ላይ፣ ሜዳ ቦታ ብቻ።

የማንመክራቸው

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ገብቶ ለከተማዋ ማገዶና ቤት ሆኗል፤ ውለታው አይካድም። ወንዝ ዳር ግን ከሥሩ ሌላ ተክል እንዲያድግ ብዙም አይፈቅድም፣ ረጅምና ከባድ ስለሆነም ዳርቻው ሲረጥብ በነፋስ ይወድቃል። ሸምበቆ ደግሞ የተቆረጠ አንጓው ሁሉ በጎርፍ ሄዶ ታች ስለሚበቅል የድልድይ ሥር ይዘጋል። አዲስ አይተከል።

በአንድ እይታ

| ተክል | የሚስማማው ቦታ | ጎርፍ መቻል | የሥር ሁኔታ | የበጋ ውሃ | የመነሻ ወጪ | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አኻያ | እግር | በጣም ጥሩ | ጥቅጥቅ ያለ፣ ውሃ የሚችል | እግር ላይ አይፈልግም | ጉልበት ብቻ | በሐምሌ መትከል፣ ከብት |
| ደሾ | ሆድ | መካከለኛ | መካከለኛ ጥልቀት | ጥቂት | ዝቅተኛ | ክፍተት ያለው ረድፍ |
| ቬቲቨር | ሆድ፣ ፀሐያማ | ጥሩ | በጣም ጥልቅ | ጥቂት | መካከለኛ | ጥላ፣ ቅዝቃዜ |
| የደጋ ቀርከሃ | ትከሻ | ደካማ | ላይኛ መረብ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ከሥሩ ሲቦረቦር መገልበጥ |
| ዶቅማ | የሆድ ላይኛ ክፍል፣ ትከሻ | ጥሩ | ጥልቅ | ሁለት በጋ | መካከለኛ | ትዕግሥት ማጣት |
| ሾላ | ትከሻ፣ ሰፊ ቦታ | ጥሩ | ኃይለኛ፣ ሰፊ | ሁለት በጋ | መካከለኛ | ግንብና ቱቦ |
| ሸውሸዌ | ትከሻ፣ ሜዳ | መካከለኛ | ጥሩ | አንድ በጋ | ዝቅተኛ | ራቁት መሬት |

እንደ አቅምና እንደ ፍላጎት

ገንዘብ ለሌለው የሰፈር ማኅበር፦ አኻያና ደሾ። ሁለቱም በጉልበት ይገኛሉ። ለ20 ሜትር ዳርቻ ሁለት ረድፍ አኻያ 80 ቁራጭ ገደማ ይፈልጋል፤ ለመተኪያ 20 ጨምረው 100 ያዘጋጁ። ሦስት ረድፍ ደሾ 600 ግንጣይ ነው። ለአሥር ሰው የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ደሾው በሰኔ፣ አኻያው በጥቅምት። ጓንትና ቦት ጫማ ሳይኖር ማንም እግሩ ላይ አይውረድ፤ ጭቃው ውስጥ ጠርሙስ አለ፣ ውሃውም ፍሳሽ ነው።

መካከለኛ አቅም ላለው ግቢ፦ ከዚያው ላይ በ4 ሜትር ርቀት 6 ዶቅማ ይጨመር። የእነሱ ውሃ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት 90 ሊትር ነው፤ አራት ጀሪካን ተኩል። የሚያጠጣው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ዶቅማ አይገዛ።

ለካፌና ለመዝናኛ ቦታ፦ ቶሎ የሚያምር ነገር ስለሚፈለግ ቀርከሃ ማስገባት ይቻላል፣ ከላይ በተባለው ሁኔታ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ እግሩ ይተከል። ከላይ የሚታየው ቀርከሃ ከታች በማይታየው አኻያ ነው የሚቆመው።

ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን፦ ቦታው ከበቃ አንድ ሁለት ሾላ፣ የቀረው ዶቅማ። ልጆች ባሉበት ወንዝ ዳር የወደቀ ፍሬ ሳይታጠብ እንዳይበላ ይነገራቸው።

ወንዙ ከ5 ሜትር በታች ለጠበበበት ሰው፦ በእያንዳንዱ ወገን አንድ ረድፍ አኻያ ብቻ፣ በየሁለት ዓመቱ ተቆርጦ። ከድልድይ ወይም ከቱቦ አፍ ወደ ላይኛው የወንዙ አቅጣጫ 15 ሜትር ድረስ ምንም ዛፍ አይተከል፤ የተሰበረ ቅርንጫፍና ፌስታል ተያይዘው አፉን ይደፍኑታል፣ ውሃውም ወደ ጎረቤት ቤት ይገባል።

ባሕር ዛፍ ቀድሞ ለቆመበት ሰው፦ ጉቶውን አይንቀሉት። አሁን ዳርቻውን የያዘው ሥሩ ነው፤ ተነቅሎ የቀረው ጉድጓድ በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል። አንዱን ዘሎ አንዱን ይቁረጡ፣ በክፍተቱ ዶቅማና ሣር ይትከሉ፣ ከጉቶው የሚወጣውን ቡቃያ በየሦስት ወሩ ይመልምሉ። የቀሩት ዛፎች የሚቆረጡት አዲሶቹ ሦስተኛ ክረምታቸውን ሲያልፉ ነው።

ከተከላ በኋላ ለሁሉም የማይቀር አንድ ሥራ አለ። በሐምሌና በነሐሴ ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ በኋላ ውሃው ሲጎድል ከአኻያው ላይ የተጠመጠመው ፌስታልና ጨርቅ ይነሳ። እንደ ሸራ ውሃውን ይዞ፣ በሚቀጥለው ጎርፍ ተክሉን ከነሥሩ ይጎትተዋል። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ በየረድፉ እየሄዱ የሞተውን ይቁጠሩ፣ የት ከፍታ ላይ እንደሞተም ይጻፉ። ሞቱ ሁሉ ከአንድ መስመር በላይ ወይም በታች ከሆነ ችግሩ ተክሉ አይደለም፤ ፌስታሉ መስመር ላይ ተመልሰው ይለኩ።